በውሃው ጫፍ የተተከለው ዱላ

ባምላክ ከሐይቁ ዳር ወደ አዘዞ በሚመለስበት መንገድ ላይ አንዲት ቦታ ይፈራል፤ የወንዙን መልካ፣ መሻገሪያውን። ዛሬም ከሩቅ ሲያያት ፔዳሉ ላይ እግሩ ከበደው። ከራሱ በላይ ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ነው። ወደ ሰሜን፣ ወደ ጎንደርና ወደ ወገራ ተራሮች ግን ጥቁር ደመና እንደ ድንኳን ተወጥሯል። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆኗል፤ ከአሥራ ሁለት በፊት አዘዞ መግባት አለበት። በዚህ ዘመን ሳይመሽ ቤቱ መግባት የማይፈልግ መንገደኛ የለም።

ከኋላው ሁለት ሰዎች ይከተሉታል። አንዷ ሶሊያና ናት፤ ጎንደር ፒያሳ ባንክ ቤት የምትሠራ፣ ዝምተኛ፣ ሲደክማት እንኳ ከንፈሯን ነክሳ የምትነዳ። ሁለተኛው ንብረት ነው፤ የሂሳብ መምህር፣ እግሩ ጠንካራ፣ ምላሱ ደግሞ ከእግሩ የሚብስ።

«ጋሽ ባምላክ!» አለ ንብረት ከኋላ እየጮኸ፤ «አንድ ፒካፕ ቢከተለን ኖሮ እኮ ይኼኔ ጋቢና ተቀምጬ ሙዝ እበላ ነበር!»

«ሙዙን ፔዳል እየመታህ ብላው» አለ ባምላክ ዞር ሳይል።

ጠዋት ከቤት ሲወጡ ሚስቱ የትነበርሽ በር ላይ ቆማ ሁለቱን እንግዶች በጣቷ ቆጥራለች። ሁልጊዜ ትቆጥራለች። «ያወጣኸውን ሰው አስገባ» ትለዋለች፤ ከዚህ ሌላ ምርቃት የላትም። ባምላክ ይህን ሥራ ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው። አንድም ሰው ጎድሎበት አያውቅም።

ሥራው እንዲህ ነው። ባምላክ አዘዞ ውስጥ ብስክሌት ይጠግናል። ጎማ ይለጥፋል፣ ፍሬን ያጠብቃል፣ የተጣመመ ቸርኬ ያቀናል። በወር አንድ እሑድ ሱቁን ዘግቶ የሚፈልጉትን ሰዎች በደምቢያ ሜዳ አሳልፎ ወደ ጣና ዳር ይወስዳል፤ ከፊትም ከኋላም መኪና የለም። ጥርጊያውን መንገድ ትቶ በእርሻ መካከል ባለው የእግር መንገድ ነው የሚሄደው። ምነው በመኪናው መንገድ የማትሄደው ሲሉት ምክንያቱን አንድ በአንድ ያስረዳል፦ መኪና አቧራውን ያለብስሃል፤ ሞተር እየሰማህ የውሃ ወፍ አትሰማም፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ መኪና ይከተለኛል ያለ ሰው መንገዱን አያነብም። ይህን ሲያስረዳ ዐይኑ ይበራል፣ እጁ ይወራጫል፣ የያዘውን ፒንሳ እንኳ ይረሳዋል።

መንገድ ማንበብን የተማረው በወጣትነቱ ነው። ያኔ በአሮጌ ብስክሌት ናፍጣ እየጫነ ወደ ቆላ ድባ ገበያ ይመላለስ ነበር። አንድ ቀን፣ ደመና በሌለበት ጠራራ ፀሐይ፣ እህል የጫኑ ሁለት አህዮች ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ ቆመው ሲጠጡ ደራሽ ውሃ መጥቶ ሲወስዳቸው አየ። ዝናቡ የዘነበው ላይ፣ ደጋው ላይ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰማይ አያምንም፤ ዱላ ነው የሚያምነው።

የዱላው ነገር ቀላል ነው። ጠዋት ወንዙን ከተሻገረ በኋላ አንድ ቀጥ ያለ የወይራ ዱላ በውሃው ጫፍ ላይ፣ አሸዋው ውስጥ ይተክላል። ዱላው ላይ በቢላዋ አንድ ጥርስ ተቆርጦበታል፤ ጥርሱ ሁልጊዜ ወደ ውሃው ይዞራል። ከሰዓት ሲመለስ ውሃው ከዱላው ግርጌ ካላለፈ ይሻገራሉ። ወደ ጥርሱ ከቀረበ ብስክሌታቸውን አስተኝተው፣ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። ክርክር የለም። ዛሬ ጠዋትም ይህንኑ ሲያሳያቸው ንብረት ደብተር ቢኖረው በጻፈው ነበር፤ «ይኼ እኮ ሙሉ ትምህርት ነው ጋሽ ባምላክ፣ ለተማሪዎቼ ነው የምነግራቸው» አለ።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ደንገሉ መካከል ታንኳ የሚገፋ ሰው አዩ። ከዚያ በሐይቁ ዳር ወዳለ የቤተ ክርስቲያን ደን ገቡ። እዚያ ማንም ብስክሌት አይነዳም፤ ወርዶ ይገፋል። ዋንዛውና ዝግባው ከላይ ተጋጥመው ፀሐይ አያስገቡም፤ ጦጣ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ይዘላል። ባምላክ ዶቅማውን ከወይራው እየለየ ሲያስረዳ ነበር የመጀመሪያውን ነጎድጓድ የሰማው። ሩቅ ነበር፤ ጎረቤት ቤት በርሜል እንደሚንከባለል። ከአፉ ላይ ያለውን ቃል ዋጠና «እንሂድ» አለ።

አሁን ከመልካው ደረሱ።

ባምላክ መጀመሪያ የፈለገው ዱላውን ነው። ቆሟል። ውሃው ደግሞ ከዱላው ሁለት እርምጃ ወደ ታች ርቋል፤ ጠዋት ከነበረው ጎድሏል ማለት ነው። ደስታው ፊቱ ላይ ታየ።

«ውሃው ጎድሏል!» አለ። «አንድ በአንድ። ንብረት፣ አንተ ቅደም። ብስክሌቱን ትከሻህ ላይ፣ እግርህን ሳታነሳ እየጎተትክ።»

ንብረት ጫማውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ገባ። የያዘው ብስክሌት የባምላክ ነው፤ በእጁ ካሉት ሁሉ ምርጡ፣ ራሱ ከሦስት አሮጌ ብስክሌት አንድ አውጥቶ የሠራው። ውሃው ቁርጭምጭሚቱን፣ ከዚያ ጉልበቱን ያዘው።

«ጋሽ ባምላክ፣ ጠዋት እንዲህ ነበር እንዴ? ጉልበቴን አልነካኝም ነበር እኮ።»

ባምላክ እንደ ልማዱ ዱላውን ሊነቅል ጎንበስ ብሎ ነበር። እጁ መንገድ ላይ ቀረ። የዱላው ጥርስ የዞረው ወደ ማሳው ነው። ጀርባውን ለውሃው ሰጥቷል። ወደ ግርጌው አየ፤ ዱላው የተተከለው ጥቁር አፈር ውስጥ ነው። እሱ ደግሞ የተከለው አሸዋ ውስጥ ነበር።

አሸዋው የት አለ? የለም። ውሃ ውስጥ ነው።

«ጋሼ፣» አለች ሶሊያና ከጎኑ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፤ «መኪና ይሰማኛል። ትልቅ የጭነት መኪና።»

ባምላክ ቀና አለ። እሱም ሰማው። ከወደ ላይ፣ ከወንዙ መታጠፊያ ጀርባ፣ ዳገት የከበደው መኪና የመሰለ ጉርምርምታ።

«እዚህ መኪና የለም» አለ። ከዚያ ጮኸ፦ «ንብረት! ተመለስ! ተመለስ!»

ንብረት መካከሉ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ዞር አለ። ውሃው ዙሪያውን ቡናማ ሆኗል፤ ገለባና ደረቅ እበት አረፋ ላይ ተጭኖ ይወርዳል። ትከሻው ላይ ያለው ብስክሌት ሚዛን አሳጣው።

«ጣለው!»

«ብስክሌቱን?»

«ጣለው አልሁህ!»

ንብረት አንድ አፍታ አመነታ። ያቺ አፍታ ለባምላክ ከስድስቱ ዓመት ረዘመችበት። ከዚያ ብስክሌቱ ከትከሻው ተንሸራቶ ወረደ፣ አንዴ ጎማው ታየ፣ ጠፋ። ንብረት ወደ ዳር እየተንደፋደፈ መጣ። ውሃው ወገቡን ያዘው። ከመታጠፊያው ላይ ግንድ የተሸከመ ጥቁር የውሃ ግንብ ወጣ።

ባምላክ ዱላውን ነቀለ። «ቀበቶዬን ያዢ!» አላት ሶሊያናን። እሷ በሁለት እጇ ያዘች፣ ተረከዟን ጭቃው ውስጥ ቀበረች። እሱ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ዱላውን ዘረጋ። ንብረት መጀመሪያ ሳተው። ሁለተኛ ጊዜ ጫፉን፣ ከዚያ ጥርሱ የተቆረጠበትን ቦታ ጨበጠ። ሦስቱም ወደ ኋላ፣ ዳገቱ ላይ ወደቁ። ተነሥተው ወደ ላይ ሮጡ። ዞረው ሲያዩ ንብረት የቆመበት ቦታ ሰው ከነቁመቱ የሚሰወርበት ውሃ ሆኗል።

ንብረት ዱላውን አልለቀቀም፤ ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት።

ከማሳው በኩል አንድ ሽማግሌ እየተቻኮሉ መጡ። ስማቸው አያ አለምነህ ነው፤ ከወንዙ አጠገብ የሚያርሱ።

«ምነው ልጆቼ! ተርፋችኋል?» አሉ። ሦስቱንም በዐይናቸው ቆጠሩ። ከዚያ ንብረት እጅ ላይ ያለውን አዩና ፊታቸው ፈካ። «ይኼ ዱላ የእናንተ ኖሯል? ሸጋ ወይራ! ረፋድ ላይ ከብት ላጠጣ ብመጣ ከውሃው አፍ ተተክሎ አገኘሁት። አንዱ መንገደኛ ረስቶት ነው፣ ውሃው ይወስድበታል ብዬ፣ አሳዘነኝና ወደ ላይ አምጥቼ ተከልሁለት።»

የሰው ዱላ ወድቆ ካገኘህ ባለቤቱ ከሚያየው ቦታ ታቆምለታለህ፤ ባምላክም ቢሆን ይህንኑ ነበር የሚያደርገው። ስድስት ዓመት ሙሉ ዱላው ለእሱ ምልክት ነው፤ ለሌላው ሰው ግን ዱላ ብቻ መሆኑን አንድም ቀን አላሰበም። ደግሞስ ጠዋት የራሱን እንግዶች ሲያስተምር ለባለ ማሳው መች ነገረ?

«አያ፣» አለ ቀስ ብሎ፤ «ዱላው የውሃው መለኪያ ነበር።» የዱላውን ጥርስ አሳይቶ አስረዳቸው፤ እንደ ወትሮው አንድ በአንድ።

ሽማግሌው ሰምተው ሲጨርሱ ራሳቸውን ያዙ። «እኔስ ለደግ ብዬ!»

«እኔ ነኝ ጥፋተኛው። ልነግርዎ ይገባ ነበር።»

«ሁለታችሁም ተዉት፣» አለ ንብረት፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፤ «ይኼን ግን ለተማሪዎቼ አልነግራቸውም።» ሶሊያና ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ልቅሶ ሆነ።

ደራሽ ውሃ እንደመጣ ይሄዳል። አሥር ሰዓት ላይ ውሃው ሲጎድል አያ አለምነህ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ማንንም ሳይጠይቁ ቀድመው ገቡ። በየእርምጃው በወይራው ዱላ ከፊታቸው እየወጉ መካከሉን አለፉ፣ ተመለሱ፣ ከዚያ ሦስቱን አንድ በአንድ እጃቸውን ይዘው አሻገሩ። ብስክሌቱ አልተገኘም። ንብረት ከባምላክ ኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ላይ ተቀመጠ። ጭቃው ከጎማው በላይ ባለው ፓራፋንጎ ውስጥ እየተጠቀጠቀ ጎማውን ያዘው፤ አምስት ጊዜ ወርደው በእንጨት ፋቁት። አምስቱንም ጊዜ ባምላክ ሰዓቱን አየ።

አዘዞ ሲደርሱ ለአሥራ ሁለት አሥር ደቂቃ ይቀር ነበር። የትነበርሽ በር ላይ ቆማለች። ጣቷን አነሣች፤ ሶሊያናን፣ ንብረትን፣ ባሏን ቆጠረች። ከዚያ ብስክሌቶቹን ቆጠረች፣ ጭቃ የለበሰ ልብሳቸውን አየች።

«አንድ ጎድሏል» አለች።

«ሰው አልጎደለም» አለ ባምላክ።

እሷም ሌላ ሳትጠይቅ በሩን ከፈተችላቸው።

በሚቀጥለው ወር እሑድ ባምላክ መልካው ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ወደ አያ አለምነህ ማሳ ሄደ። ከብስክሌቱ ላይ አንድ ዱላ ፈታ፤ ጎባጣ፣ ነቀዝ የበላው፣ ጫፉ የተሰነጠቀ፣ ማንም የማይመኘው። ሽማግሌው አገላብጠው አዩት።

«ይኼን እንኳን ውሃ ቢወስደው የሚያዝንለት የለም» አሉ።

«ለዚሁ ነው አያ» አለ ባምላክ፤ አብረውም ወርደው፣ ጥርሱን ወደ ውሃው አዙረው፣ አሸዋው ውስጥ ተከሉት።