ላም የታሰረችበት ጥድ

ኢሳይያስ ከሶዶ መናኸሪያ ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቁ የተቃጠለ ዲናሞ እየጠቀለለ ፀጉሩን ያሸበተ ሰው ነው። የወፍጮ ሞተር፣ የውኃ መሳቢያ፣ የእንጨት ቤት መጋዝ፣ ብቻ ጭስ ጭስ የሸተተ ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። ዛሬ ግን እንግዳ ሰው መጥቶ «ዲናሞ ጠቅላዩ የት ነው?» ቢል፣ የባጃጅ ነጂዎቹ «ባለ ጥዱን ነው?» ይሉታል።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ቪዲዮ ነው። አንድ የሩቅ አገር ሰው ከክንድ የማይበልጥ ጥድ ትሪ በመሰለ ሸክላ ውስጥ ተክሎ፣ በሽቦ እየጠመዘዘ ሲያበጀው አየ። ቦንሳይ ይሉታል። ዛፉ ትንሽ ነው፤ ግን ገደል አፋፍ ላይ ንፋስ ሲደበድበው ዘመን የቆጠረ ይመስላል። ኢሳይያስ ቪዲዮውን ደጋግሞ አየው። በልጅነቱ ዳሞት ተራራ ላይ እንዲህ ያሉ ጥዶች ያውቅ ነበር። የት እንደቆሙ እንኳ አልጠፋውም፤ ዛሬ ቦታው ላይ ባህር ዛፍ አለ።

የመጀመሪያውን ጥድ የገደለው ወላይታ ሆኖ ማደጉ ነው። እንሰት ሲዛወር ሥሩ ይቆረጣል፣ ቅጠሉ ይመለመላል፣ ጥላ ሥር ጥቂት ቀን ተጋድሞ ይቆይና ይተከላል። ይጸድቃልም። ይህን በእናቱ ጓሮ እያየ ያደገ ሰው ለጥድ ሌላ ሕግ ይኖራል ብሎ አይጠረጥርም። ከተበላ ከተማ መንገድ ዳር ያመጣውን ጥድ ሥሩን ከረከመ፤ ጫፉ ላይ ጉትዬ የምታህል አረንጓዴ ብቻ አስቀርቶ ላጨው፤ ጥላ ሥር አሳድሮ ተከለው። ጥድ ደግሞ መሞቱን ቶሎ አይናገርም። ጉትዬዋ ለሳምንታት አረንጓዴ መስላ ከቆየች በኋላ፣ አንድ ጠዋት ሲነካት መዳፉ ላይ ረገፈች።

«እንሰት አደረግኸው» አለው ጎማ የሚጠግነው ጎረቤቱ ክብረት። «ቆጮውን መቼ ነው የምንበላው?»

ኢሳይያስ አልተቆጣም። ከዚያ ወዲያ ግን ጥድ ባየ ቁጥር ቆሞ ግርጌውን መመልከት ልማዱ ሆነ። ቀጥ ብሎ ያማረውን ያልፈዋል። የሚፈልገው ከሥሩ የወፈረ፣ ወደ ላይ የሚቀጥን፣ ሕያው ቅርንጫፉ ከግንዱ ያልራቀ፣ መከራ ያየ ጥድ ነው። በገሱባም በቦዲቲም ፈለገ። ያገኘው ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲያልፈው በኖረ ቦታ፣ በአባቱ ደጅ ነው።

ከቦዲቲ ወጣ ብሎ ባለው በዚያ ግቢ አሁን የሚኖረው ታላቅ ወንድሙ ሻንቆ ነው። ጥዱን አባታቸው የተከሉት ለምሰሶ ነበር። ምሰሶ ሳይሆን የላም ማሰሪያ ሆኖ ቀረ። ገመዱ እየጎተተ አጎበጠው፤ ላሞቹ እየታከኩ ባንድ ጎኑ ቅርፊቱን ገፈፉት፤ ወደ ላይ የሞከረውን እየሰበሩ ከሰው ጉልበት እንዳያልፍ አደረጉት። ግርጌው ግን እንደ ጎልማሳ ጭን ወፈረ። አባትየው ካረፉ በኋላ የድሮው ቤት ፈርሷል፣ ቡናውም ደርቋል። በእጃቸው ከተከሉት የቀረው ይኸው ጥድ ብቻ ነበር።

በበልጉ መጀመሪያ ኢሳይያስ ሊጠይቃቸው ሲሄድ ሻንቆ ለአዲስ ቤት ገመድ ዘርግቶ ይለካ ነበር። ገመዱ ጥዱን አቋርጦ ያልፋል። ኢሳይያስ ተንበረከከና ከግርጌው አፈር በጣቱ ይጠርግ ጀመር።

«ምን ወደቀብህ?» አለ ሻንቆ።

«ጋሼ፣ ይህን ጥድ ስጠኝ። ሶዶ ልውሰደው።»

«ሶዶ ማገዶ ጠፋ?»

«ላሟስ የት ትታሰር?» አለች የሻንቆ ሚስት አስናቀች ከደጃፍ።

«ከነላሟ ይውሰዳት እንጂ!» አለና ሻንቆ ሳቀ። ኢሳይያስ ሳይስቅ ሲቀር እሱም ተወው። «ቤቱን ከመስቀል በኋላ ነው የምጀምረው። እስከዚያ ያንተ ነው። ግን ስማ፣ ታ ኢሻ። ያንን የሶዶውን እንዳደረግኸው ካደረግኸው፣ አባታችንን ሁለት ጊዜ ቀበርክ ማለት ነው።»

ታ ኢሻ፣ ወንድሜ ማለት ነው። ሻንቆ በቤት ቋንቋቸው ሲጠራው ቀልድ እንዳልሆነ ኢሳይያስ ያውቃል።

ወደ ሶዶ ሲመለስ ያሰበው ስለ እናቱ ነበር። እናቱ እንሰትን ከመጀመሪያው መደብ ወደ መጨረሻው በአንዴ ወስዳ አታውቅም፤ ከቦታ ወደ ቦታ በየደረጃው ነበር የምታሸጋግረው። እሱ የያዘው ቁረጣውን ብቻ ነበር፤ ትዕግሥቷን ረስቶታል።

ስለዚህ በበልጉ ዝናብ ግማሹን ዙሪያ ብቻ ቆፈረ። ወፍራም ሥሮቹን ቆርጦ፣ ለመንገድ የሚደፋውን ቀይ ጠጠር ሞላበት፤ አዲስ ቀጫጭን ሥር እንዲያወጣ። ከአረንጓዴው አንዲት ቅጠል አልነካም። ሌላውን ግማሽ በክረምቱ መግቢያ ቆፈረ። እሑድ እሑድ ከጸሎት ቤት ሲወጣ በቀጥታ ወደ ቦዲቲ ይሄዳል። አስናቀች ላሟን ሌላ ቦታ አስራ፣ «ታማሚህ ደህና አድሯል» እያለች ትቀበለዋለች።

ለመስቀል ሳምንት ሲቀረው ከነአፈሩ ነቅሎ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ፣ ሚኒባስ ውስጥ ወንበር ያዘለት።

«በሽተኛ ነው እንዴ?» አለ ረዳቱ።

«በሽተኛ ነው» አለ ኢሳይያስ።

ከዚያ ትልቁ ፈተና መጣ፤ አለመንካት። ጥዱ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ሱቁ ጓሮ ተቀመጠ። ኢሳይያስ ጠዋት ጠዋት ውኃ እየረጨ የጫፎቹን ቀለም ያያል፤ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። ክብረት እንኳ መቀለዱን ተወ። በሚቀጥለው በልግ ከየጫፉ ለጋ፣ ብርሃን የመሰለ አረንጓዴ ወጣ። ኢሳይያስ ሱቁን ዘግቶ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ተቀመጠ።

ክረምቱም አልፎ ሥሩ ሣጥኑን ሲሞላ ማበጀቱን ጀመረ። ላሞቹ የገፈፉትን ጎን አልሸፈነውም፤ የደረቀውን እንጨት አጥርቶ እንደ አጥንት ነጭ አደረገው። ከጎኑ ሕያው ቅርፊቱ እንደ ቀይ ጅማት ይወጣል። የቀረው አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ ነበር። ወደ ሰማይ ተገትሮ የዛፉን መልክ ያበላሻል፤ ቢቆረጥ ግን ከአረንጓዴው ግማሹ ይሄዳል። ስለዚህ መታጠፍ አለበት።

በቪዲዮው ያየው ሰው ከማጠፉ በፊት ቅርንጫፉን በሩቅ አገር የተክል ክር ይጠቀልለዋል። ኢሳይያስ ከገበያ የእንሰት ቃጫ ገዝቶ አራሰና አጥብቆ ጠቀለለበት። በላዩ ከተቃጠለ ሞተር ያወጣውን መዳብ ጎንጉኖ አዞረው፤ እሳት ያገኘው መዳብ ለጣት ይታዘዛል። ክብረት ሣጥኑን ያዘለት። ኢሳይያስ እየተነፈሰ፣ እያረፈ፣ ቅርንጫፉን ወደ ታች ገፋው።

ቀጭ አለ።

ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። «ተሰበረ?» አለ ክብረት በሹክሹክታ።

ኢሳይያስ በጣቱ ቃጫውን ዳበሰ። ውስጡ ያለው እንጨት ተሰንጥቋል፤ ቅርፊቱ ግን በቃጫው ታንቆ እንደተያያዘ ነው። አልለቀቀውም። ሌላ ጥቂት ገፋው፣ በመዳቡ አሰረው፣ ከዚያም መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ቅርንጫፉ ኖረ። ከወራት በኋላ ቃጫው ሲፈታ ስንጥቁ ገጥሞ፣ ቅጠሉ እንደ ደመና ተደርድሮ ወደ ታች ተዘርግቶ ነበር። ሸክላ ሠሪዋ ሳህሊቱ «ቀዳዳ ያለው ዕቃ ሥሩልኝ ያለኝ ሰው አንተ የመጀመሪያው ነህ» እያለች የሠራችለት ዝርግ ሸክላ ውስጥ ጥዱ ተተከለ።

በዓመቱ ለጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን ሲለወጥ፣ ቦዲቲ ወሰደው። አዲሱ ቤት አልቋል፤ ዘመድና ጎረቤት ሞልቶበት ሥጋው ይበላል። ሻንቆ ከደጅ ተቀበለው። ዛፉን ዞረው፤ አንዴ፣ እንደገና። ነጩን እንጨት በአውራ ጣቱ ነካ። ከዚያ ሸክላውን በአንድ ወገን ያዘና «ግባ፣ አብረን» አለው።

ሁለቱ ወንድማማቾች ተሸክመውት ገቡ። «የአባታችን ዛፍ ነው» አለ ሻንቆ ለቤቱ ሁሉ። «ላሟን ሆን ብለን ነበር ያሰርንበት። ታናሼ ነው ያዘዘን።»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። ዛፉ መሐል ሲደርስ ግን ሳቁ በረደ። በበሩ አጠገብ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ከጎናቸው ያለውም ተነሣ። ታላቅ ሰው ሲገባ እንደሚደረገው፣ ቤቱ ሙሉ አንድ በአንድ ብድግ አለ። ኢሳይያስም ሸክላውን እንደያዘ ከመሐላቸው ቆሞ ቀረ።