ስኳሩን የሚጨርስ ማሽን

ባለቤቴ የሞተች ጊዜ ሰው ሁሉ ስኳር ይዞ መጣ። ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይገባም። ለስላሳ ያመጣም ነበር፣ ቡናና ዘይት ያመጣም ነበር፤ ስኳሩ ግን ሁሉንም በለጠ። ሰባቱን የሐዘን ቀን ተቀምጠን ሻይ ሲፈላ ሲቀዳ ሰነበተ፤ ያም ሆኖ የሚመጣው ስኳር ከሚጠጣው ሻይ ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። ሰባቱ ሲያልቅ ወንበሮቹ ለምኩራቡ ተመለሱ፣ ሰዉም ወደየሥራው ሄደ። ስኳሩ እኛ ጋር ቀረ።

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከኛ ጋር ነው የሚኖሩት። የተረፈውን ሁሉ እሳቸው ማማድ ውስጥ ደረደሩት። ማማድ እዚህ እስራኤል ውስጥ ሮኬት ሲተኮስ የምንገባበት፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነ ክፍል ነው፤ የኛ ቤት ጠባብ ስለሆነ ደግሞ ማማዱ የልጄ መኝታ ቤት ነው። በአንደኛው ግድግዳ አልጋዋ፣ በሌላኛው የእናቷ ለቅሶ ስኳር፣ ከወለሉ እስከ መስኮቱ። የማስጠንቀቂያው ጩኸት ሲሰማ ሦስታችን እዚያ እንገባለን። እኔና ልጄ አንዳንዴ ስኳሩ ላይ እንቀመጣለን፤ አማቴ ግን የሚበላ ነገር ላይ አይቀመጥም ብለው ይቆማሉ።

ወጥ ቤት መደርደሪያው ላይ ሌላ አንድ ከረጢት ስኳር ነበር። ግማሽ ነው። ባለቤቴ ራሷ ከፍታው፣ አፉን ሁለት ጊዜ አጥፋ በሰማያዊ የልብስ መቆንጠጫ የያዘችው። እሱን ማንም አልነካውም። አትንኩ ያለም የለም። ያን ላለመንካት ይሁን በሌላ ምክንያት፣ ከለቅሶው በኋላ ሦስታችንም ሻያችንን ያለ ስኳር መጠጣት ጀመርን። ስኳር እስከ መስኮቱ በሞላበት ቤት መራራ ሻይ የሚጠጣ ቤተሰብ ከኛ ሌላ በቂርያት ጋት ያለ አይመስለኝም።

እኔ አላለቀስኩም። በለቅሶው ላይ አንዲት የሰፈራችን ሴት ለጎረቤቷ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ስትል ሰምቻታለሁ። እንድሰማላትም ነው ያለችው። አልተቀየምኳትም፤ ልክ ልትሆን ትችላለች ብዬ አለፍኩ። የጥርስ ሐኪም ማደንዘዣ ሲወጋ ከንፈር የሰው ከንፈር ይሆን የለ? እኔ መላ ሰውነቴ እንደዚያ ነበር። በኢንዱስትሪ ቀጠናው በአንድ የፕላስቲክ ዕቃ ፋብሪካ ማሽን እጠግናለሁ። በሳምንቱ ሥራ ገባሁ፤ ማሽን ሲቆም አስነሳለሁ፣ ቤት ስገባ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ጎበዝ ነው፣ ጠነከረ አሉኝ። ጥንካሬ አልነበረም፤ ምንም አልነበረም።

አንድ ቀን ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ ፊቴ ቆመች።

«አባ፣ ከባት ሚጽቫዬ በፊት ስኳሩ ከክፍሌ ይውጣልኝ።»

ባት ሚጽቫዋ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት የሚደረገው ድግስ ነው። በሐዘኑ ምክንያት አዳራሽ አይኖርም፣ ሙዚቃም አይኖርም፣ ጓደኞቿ ብቻ ይመጣሉ ተባብለን ነበር። በዚያ ሁሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

«ጓደኞቼ ክፍልሽን አሳዪን ቢሉኝ ምን እላለሁ? እማ ስትሞት የመጣ ነው ልበል? ማታ መብራት ሳጠፋ እሱን ነው የማየው፤ ጠዋት ስነሳም እሱን። ዲ፣ አባ። በቃኝ።»

ነገሩን ለአማቴ ነገርኳቸው።

«ለሙት ዓመቷ ነው የሚሆነው» አሉ። «የለቅሶ ስኳር አይጣልም፣ አይሸጥም፣ አይጨፈርበትም።»

ሙት ዓመቱ የሚውለው ከባት ሚጽቫው በኋላ ነው። ያሉት የአገር ወግ ይሁን የራሳቸው ነገር እስከ ዛሬ አላውቅም። ልጃቸውን የቀበሩ ሴት ናቸውና አልተከራከርኳቸውም። እውነቱን ለመናገር ስኳሩ ቢወጣም ባይወጣም ለኔ አንድ ነበር። ለልጄ ግን አንድ አልነበረም። ያን ማየት እችል ነበር፤ መሰማቱ ነበር የቀረው።

መፍትሔውን ያገኘችው እሷው ናት። በስልኳ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ፤ የስኳር ጥጥ የሚሠራ ማሽን። ሳዓሮት ሳቭታ ይሉታል ልጆቹ፣ የሴት አያት ጸጉር ማለት ነው። «አባ፣ ይሄ የሚበላው ስኳር ብቻ ነው። ይጨርስልናል» አለችኝ።

እንግዲህ ማሽን ምረጥ ከተባልኩ እመርጣለሁ። ለሳምንታት ያን ብቻ ሠራሁ ማለት ይቻላል። በምሳ ሰዓት ሰው የጻፈውን አስተያየት ሁሉ አነበብኩ። አንዷ ሮዝ ቀለሙ ደስ አላት፣ አንዱ ሁለተኛው ልደት ላይ ተቃጠለበት፣ አንዱ ማሽኑን ሳያወጣ ስለ ካርቶኑ አማረረ። ለቤት ተብለው የሚሸጡት ትንንሽ ናቸው፣ ከላይ እስከ ታች ፕላስቲክ። መሐላቸው ያለችው የምትሽከረከር ኩባያ ማንኪያ ሙሉ ስኳር ብትይዝ ነው፤ ጥቂት ልጆች ካስተናገደች በኋላም አረፍ ካላደረጓት ትግላለች። ለድግስ የሚሆኑት ሰፊ የብረት ሳህን፣ ከባድ ሞተርና የሚተካ ማሞቂያ አላቸው፤ ሲነሱ ግን ወገብ ይፈልጋሉ። በትንሿ ማሽን እንሥራ ብንል ልጄ ተድራ ስኳሩ አያልቅም። አንድ ሱቅ ገብቼ ሻጯን «ይሄ ሳያርፍ ስንት ሰዓት ይሠራል?» ብላት «ጌታዬ፣ ልደት እኮ ነው» አለችኝ። አመስግኛት ወጣሁ።

በመጨረሻ ትልቁን፣ ያገለገለውን፣ ካርሜ ጋት ሰፈር ካሉት አዳዲስ ሕንፃዎች በአንዱ ከሚኖር ወጣት አገኘሁ። ለልደት ያከራየው ነበር፤ ልጅ ሲወልድ ቦታ ጠበበው። ክዳኑን አንሥቼ የሚሽከረከረውን ኩባያ በጣቴ አዞርኩት፤ ሳይወላገድ ዞረ። ሞተሩን አስነሥቶ አሰማኝ፤ አይንኳኳም። ለምን እንደምፈልገው ጠየቀኝ። ለልጄ ባት ሚጽቫ አልኩት። እንኳን ደስ ያለህ ለማለት «ማዛል ቶቭ!» ብሎ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። አመሰግናለሁ አልኩና ተሸክሜው ወረድኩ።

ወጥ ቤት ውስጥ ሞከርነው። ስኳሩ በዚያ በታፈነ ክፍል እርጥበት ስቦ እንደ ድንጋይ ሆኗል፤ በጠርሙስ ቀጠቀጥኩት። መጀመሪያ ምንም የለም፣ ሽታ ብቻ። ቀጥሎ ነጭ ክር መጣና ከሳህኑ አልፎ መጋረጃው ላይ፣ መብራቱ ላይ፣ የአማቴ ነጠላ ላይ ተጠመጠመ። ልጄ ሳቀች። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማሁም ነበር። ደስ ሊለኝ እንደሚገባ አወቅሁ፤ ግን አላለኝም። ክሩ የሚጠመጠምበትን ስንጥር ወደ ሳህኑ ዝቅ አድርጌ ማዞሬን ቀጠልኩ።

አማቴ ነጠላቸው ላይ ያረፈውን በሁለት ጣት አንሥተው አዩት። «ባዘቶ ነው የሚመስለው» አሉ፣ ሊፈትሉት ይመስል አሸት አሸት እያደረጉ። በእጃቸው ላይ ቀለጠና ጠፋ። አልቀመሱትም። «ጥሩ ነው። ግን አልኩ እኮ፣ አይጨፈርበትም።»

ልጄ ወደ ማማዱ ሄዳ ከላይ ያለውን አንድ ከረጢት ይዛ መጣች።

«እማማ፣ ይሄን ማን ነበር ያመጣው?»

የደረደሩት እሳቸው ስለሆኑ እያንዳንዱን ያውቁታል። «የላይኛው ፎቅ ሴትዮ ናት» አሉ። «እግሯን እያመማት ሰባቱንም ቀን ወርዳልናለች።»

«ልጇ እኮ በሚመጣው ሳምንት ልደት አለው።»

አማቴ ክሩ የቀለጠበትን ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ወደ እኔ ዞሩ።

«ብድር በምድር ነው» አሉ። «በሐዘናችን የገባን ሰው በደስታው ቀን እንግባለት እንጂ። እኔ አልሄድም፣ ልጄን ቀብሬ ድግስ አልወጣም። ስኳሩ ይሂድ።»

ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ቤት አልተቀመጠም። አማቴ ያዛሉ፣ እኔ እሸከማለሁ፣ ልጄ ስንጥሩን ትይዛለች። ልደት ቢሆን፣ የመዋዕለ ሕፃናት መዝጊያ ቢሆን፣ የልጅ ግርዘት ቢሆን፣ ያመጣልንን ሰው ስኳር ለሱው እንግዶች ፈትለን እንመለሳለን። አማቴ ማታ በሩ ላይ ይጠብቁናል፤ ማን ምን እንደለበሰ፣ ማን እንደወፈረ ሳይቀር ይጠይቃሉ። አንድ ድግስ ላይ አንድ ሽማግሌ ክሩ ሲጠመጠም አይተው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል፣ ይሄ ግን ጥርስ ለሌለው ነው» ብለው ሁለት ጊዜ ተሰለፉ።

ለኔ ቦታው ተስማማኝ። ከማሽን ጀርባ የቆመን ሰው ና ጨፍር የሚለው የለም፤ እንዴት ነህ፣ ተጽናናህ የሚለውም የለም። ልጆች ፊቴን ሳይሆን እጄን ነው የሚያዩት። እያደር ማማዱ ውስጥ ግድግዳው ብቅ አለ። ከስኳሩ ጀርባ የኤሌክትሪክ ሶኬት ነበረን ለካ፣ ረስተነዋል። ልጄ የስልኳን ገመድ እዚያ ሰክታ እንደ ትልቅ ነገር ጠርታ አሳየችኝ።

የባት ሚጽቫዋ ቀን ማሽኑን ከሕንፃችን በታች፣ ግቢው ውስጥ አቆምኩት። ሙዚቃ የለም። ግን ከጓደኞቿ ሌላ፣ ስኳሩ የዞረባቸው ቤቶች ሁሉ ሳይጠሩ መጡ፤ ግቢው ሞላ። አማቴም ወረዱ። የሐዘን ልብሳቸውን አልቀየሩም፤ ወንበር አስመጥተው ከኔ አጠገብ ተቀመጡ። ልጄ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ስታስተናግድ አመሸች። የሚቀርቧትን ሁሉ እያስቀደመች እሷ አልቀመሰችም፤ የድግስ ባለቤት መጨረሻ ይበላል ብለው ያሳደጓት አማቴ ናቸው።

ከስኳሩ ተርፎ የነበረው አንድ ከረጢት ነው። ሰልፉ ሲያልቅ እሱም አለቀ። ከረጢቱን ገልብጬ አራገፍኩት፤ ልጄ ፊቴ ቆማለች፣ በእጇ ባዶ ስንጥር ይዛ።

«አለቀ» አልኳት።

«አለቀ!» አለች። ፊቷ በራ። ቀጥላ ስንጥሩን አየችና «ቤሴዴር፣ ለኔ ባይደርስም ምንም አይደል» አለች።

ያቺ በለቅሶው ላይ ስለ አንጀት የተናገረችው ሴት ከመቀመጫዋ ተነሣች። «እንዴት ሆኖ! ከቤቴ ስኳር ይዤ ልምጣ» አለች። ሌላዋም እኔ ቅርብ ነኝ ብላ ተነሣች። አማቴ እጃቸውን አነሡ።

«ተቀመጡ! ደግሞ ስኳር ልታመጡብን ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ወደ እኔ ዞረው ዝቅ ባለ ድምፅ «ላይ አለ አይደል» አሉኝ። «ልጅቷ ቆማለች። ምን ትጠብቃለህ?»

ደረጃውን ወጣሁ። ከረጢቱ ከቦታው ነበር። ሰማያዊውን መቆንጠጫ አወለቅሁት፣ የማደርግበት ስላጣሁ ሸሚዜ ላይ ቆነጠጥኩት። የታጠፈው ወረቀት መቆንጠጫው ሳይኖርም አልተከፈተም። ሁለት ጊዜ እንዳጠፈችው፣ በአውራ ጣቷ ተጭና እንዳሰመረችው ቀርቷል። እጥፋቱን ስፈታ እዚህ ጋ፣ ከደረቴ በታች አመመኝ። በጣም አመመኝ። ከዚያ ሁሉ ወር በኋላ የመጀመሪያው ነበር፣ እና ደስ አለኝ፤ እንዳይለቀኝ ፈርቼ ከረጢቱን አቅፌ ቀስ ብዬ ወረድኩ።

አንድ ማንኪያ አፈሰስኩ። ክሩ መጣ። ለሌላው ከሠራሁት ሁሉ ያበጠ፣ ከፊቷ የሰፋ አድርጌ ጠቀለልኩላት። ቆረሰችና መጀመሪያ ለአያቷ ሰጠች፤ አማቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎረሱት። ቀጥላ ለኔ አጎረሰችኝ። ምላሴ ላይ ወዲያው ጠፋ፣ ጣፋጭነቱ ግን ቀረ። ጣፈጠኝ። ከዚያ እንባዬ መጣ፤ ልመልሰው አልቻልኩም፤ ትከሻዬ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ በልጄ የደስታ ቀን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

ልጄ አየችኝ። ወደ ማሽኑ ጠጋ አለችና ጀርባዋን ለእንግዶቹ ሰጥታ፣ ያን ትልቅ የስኳር ጥጥ በእኔና በሰዉ መካከል ከፍ አድርጋ ይዛ ቆመች። በትንሽ በትንሹ እየቆረሰች በላች። እኔ አልቅሼ እስክጨርስ ድረስ አልጨረሰችውም።