ከመጽሐፉ ማዶ የተቀመጠው ልጅ

ባለቤቴ የአንድ ቡና ነጋዴ ማጠቢያ ጣቢያ ኃላፊ ሆኖ ሲቀጠር ከዲላ ወጥተን ከጨለለቅቱ ከተማ በታች ባለው ቁልቁለት ላይ ሰፈርን። ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ቡናን በውሃ ማጠብ ግን ለአገሩ አዲስ ነገር ነበር፤ ከዚያ በፊት ሰው ሁሉ እሸቱን በደጁ አድርቆ ነበር የሚሸጠው። ቤታችን ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው፤ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ዙሪያው እንሰትና ቡና። ከግቢው በታች ማጠቢያው፣ ከዚያ በታች ወንዝ አለ። የቡና ለቀማ ሲደርስ እሸቱን የሚፈለፍለው ማሽን፣ መፈልፈያው፣ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፤ ከተከመረው ገለፈት የሚነሣው የኮመጠጠ ሽታም ልብስ ውስጥ፣ ፀጉር ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ራሴን ያዞረኝ ነበር። በኋላ ዲላ ወርጄ ስመለስ ብቻ ነው የሚሸተኝ።

ሦስት ልጆች ነበሩኝ። ትልቋ ሴት፣ መካከለኛው ወንድ፣ ታናሿ ደግሞ ገና የምትታዘል። ትልቋ ለትምህርት ስትደርስ ጨለለቅቱ አስመዘገብናት። መንገዱ ለትልቅ ሰውም ቀላል አልነበረም፤ ወንዙን በተጋደመ ግንድ ተሻግሮ፣ ዳገቱን በእንሰቱ መካከል መውጣት ነው። አባቷ ወስዶ አደረሳትና ወደ ሥራው ተመለሰ። ስትመለስ ከጎረቤት ልጆች ጋር እንድትመጣ ነበር የተነጋገርነው።

ከሰዓት በኋላ ደጋው ላይ ዘነበ። እኛ ዘንድ ጠብታ አልወረደም፤ ወንዙ ግን ቀልቶ መጣና ግንዱን ይዞት ሄደ። ድምፁን ስሰማ ሕፃኗን አዝዬ ወረድኩ። ልጄ ከማዶ ቆማ ታለቅሳለች። አብረዋት የመጡት ልጆች ወደ ዘመድ ቤት ተመልሰው ነበር፤ እሷ ግን ቤቷን እያየች መመለሱን እምቢ ብላለች። አንድ ገበሬ በትከሻው አድርጎ ሊያሻግራት ገባ። መሐል ላይ ሲደርስ እግሩ ከዳው፤ ሁለቱም ተዘፈቁ። እኔ ሕፃኗን እንዳዘልኩ በዳሩ ቁልቁል ሮጥኩ። ሰውዬው ግን ቀሚሷን አልለቀቀም ነበር፤ ከታች ባለው መታጠፊያ ላይ ይዟት ወጣ። ደብተሯና አንድ ጫማዋ ሄዱ።

ሰውዬው ውሃውን ከፊቱ እየጠረገ በጌዴኦኛ ቅላጼው፣ “ልጁን አትላኪው” አለኝ። ሴት ልጅ መሆኗን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ አማርኛው እንደዚያ ነበር። “ውሃው እንግዳ አያውቅም።”

የዚያን ዕለት ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ ልጅቷን ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ተኝታ አገኛት። ነገሩን ነገርኩት። ቆቡን በእጁ እንደያዘ ቆመ።

“ነገ አትሄድም” አለ።

“እስከ መቼ?”

“ውሃው እስኪጎድል።”

“ጎድሎ መልሶ ይሞላል።”

“እንግዲያው አንቺ አስተምሪያት” አለኝ። “ስድስተኛ ክፍል የጨረስሽው ለምንድን ነው?”

ቁጣ አልነበረበትም። እንደማንኛውም የቤት ሥራ አድርጎ ነው የተናገረው፤ እኔም እንደዚያው ተቀበልኩት። ዲላ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ስድስተኛን ከጨረስኩ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ትንንሾቹን ፊደል አስቆጥሬ ነበር፤ ከዚያ ነው ያገባሁት። ሣጥኔ ውስጥ ከዚያ የቀረ አንድ የንባብ መጽሐፍ ነበረኝ፤ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ፊደሉ ከፊት፣ አጫጭር ምንባቦች ከኋላ። ሌላ መጽሐፍ በዚያ ሰፈር አልነበረም፤ ከጎረቤት መጽሐፍ ቅዱስ በስተቀር።

ትምህርቱ የሚካሄደው ማድ ቤት ውስጥ ነበር። ሌላ ቦታ ቢሆን ምሳው አይደርስም። መጽሐፉን በርጩማ ላይ እዘረጋለሁ፤ ትልቋ ከጎኔ ትቀመጣለች፤ እኔ ጎመን እየቀነጠስኩ ወይም ምስር እየለቀምኩ በዓይኔ እከተላለሁ። “ቀጥይ” እላለሁ። ትቀጥላለች። ወጡ ሲገነፍል እነሣለሁ፤ ስመለስ አንድ መስመር ዘላ አገኛታለሁ። ሕፃኗ ስታለቅስ ትምህርቱ ይቆማል። የገበያ ቀን ትምህርት የለም። የለቀማው ወራት ሲገባ ደግሞ ለማጠቢያው ዘበኞችም ምግብ ስለምቀቅል ለሳምንታት መጽሐፉን ማንም አይገልጠውም። ቁጥር ያስተማርኳቸው በእሸት ቡና ነው፤ ልጆቹ ግን ቆጥረው ሲጨርሱ ቀዩን ልጣጭ መጥጠው ስለሚበሉት መደመሩ እንጂ መቀነሱ አልከበዳቸውም።

ከእኛ ጋር በአጥር የሚዋሰኑ አንዲት ባልቴት ነበሩ። የወንጌል አማኝ ናቸው፤ እሑድ እሑድ ነጭ ለብሰው ዳገቱን ይወጣሉ፤ በሌላ ቀን እንሰት ይፍቃሉ። እኔም ልጆቹም እማማ ነበር የምንላቸው። አንድ ቀን እሳት ሊጭሩ መጥተው ልጅቷ ስታነብ ሰሙ።

“ትምህርት ቤት መቼ ነው የሚሄዱት?” አሉኝ።

“ይኸው፣ ትምህርት ቤቱ ይሄ ነው እማማ።”

ማድ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩ። “ደወሉስ?”

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው ግን በማግስቱ የተሰበረ የዶማ ብረት በገመድ አንጠልጥለው መጡና ከጣሪያው ጠርዝ ላይ አሰሩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ራሳቸው እየመጡ በድንጋይ ይደበድቡታል። ልጆቹ ከየትም ቢሆን እየሮጡ ይመጣሉ። እኔ ስጠራቸው እንደዚያ ሮጠው መጥተው አያውቁም። ነገሩ የተበላሸው ለቀማ ሲጀመር ነው። እማማ ብረቱን ሲመቱ ከታች ቡናው በሚደርቅበት የእንጨት አልጋ ላይ የሚለቅሙት ሴቶች የምሳ ሰዓት መስሏቸው ነጠላቸውን እያራገፉ ተነሡ። መፈልፈያው ጋ ያሉትም ተከተሏቸው። ባለቤቴ ሽቅብ እየሮጠ መጣ።

“ማነው የደወለው?”

እማማ ድንጋዩን እንደያዙ፣ “እኔ ነኝ። ተማሪ ቤት ነው” አሉት።

አሮጊት ስለሆኑ አልተቆጣቸውም። ብረቱን ፈቶ ይዞት ወረደና ማጠቢያው ላይ ለእውነተኛው የምሳ ሰዓት ሰቀለው። እማማ አዝነው ጥቂት ቀናት ቀሩብን። ከዚያ መጥተው ያለ ደወል በጥግ መቀመጥ ጀመሩ፤ እንሰታቸውን እየፋቁ ከልጆቹ ጋር ሀ ሁ ይላሉ። እስከ “ሸ” ድረስ ሄደው ተዉት። ልባቸው ፊደሉ ላይ ሳይሆን ልጆቹ ላይ ነበር።

ወንዱን ልጅ ላስተምረው ብዬ አልጀመርኩም። አራት ዓመት ሳይሞላው እህቱ ስትቀመጥ እሱም ይቀመጣል። እኔና እህቱ ባንድ ወገን ነን፤ ሕፃኗ ጭኔ ላይ ናት፤ የቀረችው ቦታ ከበርጩማው ማዶ ያለችው ናት። እዚያ ይንበረከክና ክርኑን መጽሐፉ ዳር አስደግፎ ያያል። ብዙም ሳይቆይ እህቱ ስትደናቀፍ ከማዶ ሆኖ ቃሉን ማቀበል ጀመረ። እሷ ትናደዳለች። እኔ ደስ አለኝ። ከዓመት በኋላ ማንኛውንም ገጽ ገልጬ ባስቀምጥለት ሳያቋርጥ ይወርደዋል። ጻፍ ስለው መሬቱን በእጁ አስተካክሎ በጭራሮ ይጽፋል፤ ፊደሎቹ ሁሉ ወደ እኔ የዞሩ ናቸው፤ እንዲነበብልኝ ብሎ እንደሚያደርገው ነበር የሚመስለኝ።

ባለቤቴ ደጋው ላይ፣ ቡሌ ያደገ ሰው ነው፤ በዚያ ውርጭ ማለዳ ማለዳ እየሄደ ነው የተማረው። ማድ ቤት ውስጥ የሚገኝ ትምህርት ትምህርት አልመስለው አለ። “እናታቸው ስለሆንሽ ነው ጎበዝ የሚመስሉሽ” ይለኝ ነበር። አንዳንዴ ልጁን ጠርቶ በጥያቄ ያጣድፈዋል፤ ልጁም ያለ ስሕተት ይመልስለታል፤ ጥያቄው ግን ሁሌም በቃል ነበር።

ትልቋ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ዲላ ቤት ተከራይቼ ከልጆቹ ጋር እንድቀመጥ፣ እሱ እዚያው እንዲሠራ ተስማማን። ከመስከረም በፊት ሁለቱን ይዘን በጭነት መኪና ዲላ ወረድን። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ክራቫት ያሰሩ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። የት እንደተማሩ ጠየቁ። ባለቤቴ ወደ እኔ አመለከተ።

ልጅቷን አስነበቧት፤ ጥቂት አስደመሯት፤ ጥቂት አጻፏት። “ሦስተኛ ትገባለች” አሉ። ባለቤቴ አየኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

ከዚያ ወንዱን ጠሩት። ከጠረጴዛው ማዶ፣ በዳይሬክተሩና በእኔ ትይዩ ቆመ። ዳይሬክተሩ መጽሐፉን ገልጠው ከፊታቸው አስቀምጠው የሚያስነብቡትን ምንባብ እየፈለጉ ሳለ፣ እሱ ሳይጠየቅ ማንበብ ጀመረ። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ዳይሬክተሩ ፈገግ አሉ። “በል ቆይ፣ ላዙርልህ” አሉና መጽሐፉን ወደሱ አዞሩለት።

ልጁ ማንበቡን አቆመ።

“አንብብ እንጂ፣ አይዞህ።”

አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘነበለ፤ ከዚያ ወደ ሌላው። “ፊደሎቹ ተገለበጡ” አለ።

ዳይሬክተሩ የሸመደደው ስለመሰላቸው ከመሳቢያቸው ጋዜጣ አወጡ። ወደሱ አድርገው ዘረጉለት። ልጁ እጁን ሰደደና ጋዜጣውን ራሱ ዘቅዝቆ ያዘው፤ ከዚያ ከርእሱ ጀምሮ ወረደው፤ የማያውቃቸውን ቃላት እየቆራረጠ፣ ግን አንድም ሳይዘል። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ወደ በሩ ሄደው ሌላ አስተማሪ ጠሩ። “ና እስቲ፣ ይህን ልጅ ስማው” አሉት። እንደገና አስነበቡት። ሁለቱም ሳቁ፤ ክፋት አልነበረውም። ልጁም መሳቃቸውን አይቶ ሳቀ።

“ወይዘሮ፣ የት እያስቀመጡ ነው ያስተማሩት?” አሉኝ ዳይሬክተሩ።

“ከበርጩማው ማዶ” አልኩ።

እዚያች ደቂቃ ላይ ምን እንደተሰማኝ ሰው ጠይቆኝ ያውቃል። እፍረት ነበር ልበል? ጆሮዬ ግሏል፤ ይኼን አስታውሳለሁ። ከዚያ ሌላ ግን ልጁ የሚያየውን ለማየት አንገቴን ማዘንበሌ ትዝ ይለኛል። ጋዜጣው ከእኔ በኩል ቀና ነበር።

“አንደኛ እናስገባዋለን” አሉ ዳይሬክተሩ። “ዕውቀቱ የሁለተኛ ነው። ዓይኑ ግን ከሌሎቹ ጋር መዞር አለበት።”

ከባለቤቴ ጋር ልጆቹን ይዘን ወደ መናኸሪያው ሄድን። ያው አላልኩሽም ነበር ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። መኪናው ላይ ከተቀመጥን በኋላ ልጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ “እስቲ ያንን አንብብልኝ” አለው፤ ከፊታችን ያለውን የሱቅ ሰሌዳ እያሳየ። ልጁ ወገቡን ጠምዝዞ፣ ራሱን ወደ አባቱ ጉልበት ቁልቁል ለቆ፣ ተገልብጦ ተመለከተና “የተለያዩ ሸቀጦች” ብሎ አነበበ። ባለቤቴ ሳቁን መግታት አቃተው። ዓይኑ እስኪያነባ ሳቀ። በጋብቻችን ዘመን ከሥራ ውጭ እንደዚያ ስቆ አላየሁትም።

ልጁ እስከ ፋሲካ ድረስ ተቸገረ። ደብተሩን በዘቀዘቀ ቁጥር አስተማሪው ያቀናለታል፤ እሱ ደግሞ ዞር ሲልለት መልሶ ይዘቀዝቃል። ቤት ስንገባ ከጎኔ አስቀምጬ በጣቴ እየመራሁ አስለመድኩት። አንድ ቀን ሳላስበው ቀና አድርጎ ሲያነብ አገኘሁት፤ መቼ እንደተለወጠ እሱም አላወቀም። ጌዴኦኛውን ግን ዲላ ላይ ከጓደኞቹ ጋር አደባባይ አውጥቶ ይናገረው ነበር፤ ያን ከእማማ ነው የተማረው፤ እሱን ማንም ማቃናት አላስፈለገውም።

እማማን ከዚያ በኋላ ያየኋቸው አንድ ጊዜ ነው። ለገበያ ዲላ መጥተው ቤታችንን አፈላልገው ገቡ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ነበሩ። ቆጮ በቅጠል ጠቅልለው አመጡልኝ፤ ተቀምጠው ውሃ ጠጡ፤ ልጆቹ እስኪመጡ ጠበቁ። ሲመጡ ቁመታቸውን በእጃቸው ለኩና ተሰናብተው ሄዱ። በኋላ ለውጡ መጣ፤ ማጠቢያው ተወረሰ፤ ባለቤቴም ዲላ መጥቶ በቢሮ ሥራ ተቀጠረ። ወደዚያ ሰፈር የምንመለስበት ምክንያት አልነበረም።

ታናሿን አላስተማርኳትም። ዕድሜዋ ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ከቤታችን ጥቂት ርቀት ላይ ነበር፤ እኔም በዚያን ጊዜ ሥራ ጀምሬ ነበር። አንድ ፊደል ሳታውቅ ገባች። በዓመቱ መጨረሻ እንደማንኛውም ልጅ ታነብ ነበር፤ እህቷ ሦስት ዓመት ማድ ቤት ውስጥ የለፋችበትን ያህል። ሦስቱም አደጉ፤ ሦስቱም ሥራ ያዙ። ከመካከላቸው እቤት የተማሩትን ከተማሪ ቤት ከገባችው ለይቶ ማወቅ ለእኔ አይቻለኝም። ትልቋን አንድ ቀን ጠይቄያት ነበር።

“ምን ታስታውሻለሽ ከዚያ ትምህርት?” አልኳት።

አሰብ አድርጋ፣ “ጎመን ስትቀነጥሺ አታዪኝም ነበር” አለችኝ። “ስለዚህ መስመር እዘልል ነበር።”

አውቅ ነበር፤ አልነገርኳትም።