ከሳጥኑ ማዶ የተቆጠረ ፊደል

ባሌ ልጁ አማርኛ ማንበብ እንደማትችል የተገለጠለት ልጅቷ ሰባት ዓመት ሲሞላት ነው። እሰይ፣ እንኳን ተገለጠለት! እዚሁ ካርቱም ተወልዳ፣ ዴም ሰፈር አድጋ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር በዐረብኛ ስትሰዳደብ የት አገር እንደነበረ አላህ ይወቅ። አንድ ቀን የሚነዳትን ረክሻ፣ ባጃጇን፣ በር ላይ አቁሞ ገባና "ይቺ ልጅ እኮ ሱዳን ሆና ቀረች" አለኝ። እዚህ አምጥቶ ያስወለደኝ ጎረቤት ይመስል።

ቀጥሎ ፍርዱን አሰማኝ። ታላቅ እህቱ ከዒድ በኋላ ጠቅልላ ወሎ ልትገባ ነው። ልጅቷ እስከዚያ አማርኛ ማንበብ ከቻለች እኛው ጋ ትቆያለች፤ ካልቻለች አክስቷ ይዛት ትሄዳለች፣ አያቷ ዘንድ ሆና ትማራለች።

"አስተምሪያት እንግዲህ፣ ማን ከለከለሽ?" አለ።

እውነት ነው፣ የከለከለኝ የለም። ቀኑን ሙሉ አል-ሳሃፋ ሰፈር የመዳሜን ቤት ስጠርግ፣ ሳጥብ፣ ስተኩስ እውላለሁ። ስመለስ ምግብ አበስላለሁ። የቀረውን ሰፊ ጊዜ በምን ላሳልፈው እያልኩ ስጨነቅ ደረሰልኝ። እሱ ሲወጣ ግን አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። አንድ ልጅ ናት ያለችኝ። እሷን ሰጥቼ ካርቱም ምን ልሠራ ነው የምቀመጠው?

በማግስቱ ከሐበሻ ሱቅ የፊደል ገበታና አንዲት ስስ የንባብ መጽሐፍ ገዛሁ። ትምህርት ቤታችን ያማረ ነበር። ክፍላችን አልጋው ከገባበት በኋላ ለሰው የተረፈው በበሩና በግድግዳው መካከል ያለው ቦታ ብቻ ነው። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ሽንኩርት እልጣለሁ፤ እሷ መብራት ስለሚጠፋ ብርሃን ፍለጋ ደፉ ላይ ትቀመጣለች። ገበታው፣ በኋላም መጽሐፉ፣ መካከላችን ባለ የቲማቲም ሳጥን ላይ ይዘረጋል። በማማሰያ እጀታ እየጠቆምኩ "ሀ በይ" እላለሁ፣ "ሀ" ትላለች።

ደግሞ ስትቀበል! ገበታውን በአጭር ጊዜ ጨርሳ ወደ መጽሐፉ ገባች። ጠዋት ጠዋት ኸልዋ፣ የሼኩ ትምህርት ቤት፣ ቁርኣን ስለምትቀራ ፊደል ለምዳለች መሰለኝ።

አንድ ቀን "እማ፣ አማርኛም እንደ ዐረብኛ ከቀኝ ነው አይደል የሚጀምረው?" አለችኝ።

ሽንኩርቱ ዓይኔን እያቃጠለኝ ነበር። "አዎ አዎ፣ አንብቢ።"

"ግን እናንተ ከታች ነው የምትጀምሩት።"

"የኔ ዓለም፣ ሐበሻ ምንጊዜም ከታች ነው የሚጀምረው" አልኳት። ጥሩ መልስ የመለስኩ መስሎኝ ለራሴ ሳቅሁ።

ዒድ አለፈና የባሌ እህት ለፈተናው መጣች። ስምንተኛ ክፍል ስለደረሰች በእነሱ ቤት ዳኛ ማለት እሷ ናት። አዲሱን የሱዳን ቶቧን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች አልጋው ላይ ተሰየመች፣ ልጄን አጠገቧ አስቀመጠች፣ መጽሐፉን ገልጣ ጭኗ ላይ አኖረችላት።

"በይ ያላ፣ አሰሚን።"

ልጄ ገጹን አየችው። ከዚያ ረጋ ብላ መጽሐፉን ገለበጠችው። አናቱ ወደ ታች፣ እግሩ ወደ ላይ።

"አየሽ!" ብሎ ባሌ ተነሳ። "አያያዙን እንኳ አታውቀውም!"

እሷ ግን ጣቷን ከታች በስተቀኝ በኩል አሳርፋ ማንበብ ጀመረች። ላሟ ሣር እንደበላች፣ ጥጃዋ እንደጠፋች፣ ልጆቹ እንደፈለጓት፣ አንድም ቃል ሳትስት። አክስቷ ለመከተል አንገቷን ሊቀጭ እስኪደርስ አጣመመች። በቃሏ ይዛው ነው ብላ ሌላ ገጽ ገለጠችባት፤ እሱንም አነበበችው። መጽሐፉን ቀጥ አድርጋ ስትሰጣት ግን ልጄ አንድም ፊደል መለየት አቃታት። ዓይኗ እኔ ላይ ቀረ፣ እንባ አቀረረች።

ያን ጊዜ ገባኝ። ወይ ጉዴ! ያን ሁሉ ቀን መጽሐፉን ወደ ራሴ አዙሬ እኔ ስማር ኖሬያለሁ። ልጄ ከሳጥኑ ማዶ ሆና የታያትን ነው የያዘችው፤ የተገለበጠ አማርኛ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ልክ እንደ ኸልዋዋ። በምን ትጠርጥር?

"ይሄ ማንበብ አይባልም" አለ ባሌ። "ትሄዳለች።"

"አነበበች ወይስ አላነበበችም?" ብዬ ጮህኩ። ታላቅ እህቱ ፊት ጮኬበት አላውቅም።

ዳኛዋ መጽሐፉን ከእጇ አስቀመጠች። "ወላሂ እኔ ይቺን ይዤ አገር አልገባም! ጂን ያሳደጋት ናት ይበሉኝ? ያጣመመቻት እናቷ ታቃናት። ስትቃና፣ ያኔ ወሎ ትላካለች።"

ባሌ ተመልሶ ተቀመጠ። ታላቅ እህት ናት፣ ምን ይበል። እኔ ደግሞ እንዳፈረ ሰው አንገቴን ደፍቼ "እሺ እትዬ፣ አቃናታለሁ" አልኩ።

እህትየው ብቻዋን ወደ ወሎ ሄደች። በማግስቱ ልክ ሽንኩርቴን ይዤ ስቀመጥ ልጄ ከደፉ ተነስታ መጽሐፉን ታቅፋ መጣች። በግድግዳውና በእኔ መካከል እየተሽጎጠች "እማ፣ ከጎንሽ ልሁን" አለችኝ። "ቶሎ እንድቃና።"

ጎበዝ ልጅ ናት፣ ከጎኔ ብትሆን ሳምንትም አይፈጅባት። እቅፍ አድርጌ ግንባሯን ሳምኳት፣ ከዚያ መጽሐፉን ከእጇ ወስጄ ሳጥኑ ላይ ወደ እኔ አዞርኩት።

"ሂጂ፣ ቦታሽ ላይ ተቀመጪ" አልኳት።