ወደ ሾላ የዞረው ምሽግ

እርከን ሥራ የገባሁ ዕለት ካቦው፣ ማለትም የቀን ሠራተኞች አለቃችን፣ ከእንጦጦ ራጉኤል በስተምሥራቅ ያለውን ዳገት አሳየንና ቦዩ አግድም እንደሚቆፈር፣ አፈሩም ወደ ታች እንደሚደፋ ነገረን። የወረደውን ዝናብ ቦዩ ይይዘዋል፣ የተቆለለው አፈር ያግደዋል፣ መሬቱም ቀስ ብሎ ይጠጣዋል። እኔ የመጀመሪያዋን አካፋ አፈር ወደ ላይ ብወረውራት ተመልሳ ራሳችን ላይ ወረደች። ካቦው “ልጅቷ በቁማችን ልትቀብረን ነው” ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲያ አፈር ወደ ላይ ወርውሬ አላውቅም።

ዓመታት አልፈው እኔም ካቦ ሆንኩ። ባህር ዛፍ በተነሣበት ቦታ ወይራ፣ ጥድና ኮሶ ተከልን። በበጋ ውሃ በጀሪካን ተሸክመን አጠጣን። ጉሮሮዬ የሻከረው ፍየል፣ ሣር አጫጅና ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚመጡ ፍቅረኞችን ሳባርር ነው።

ጦርነቱ ወደ ከተማችን እየቀረበ ነው የተባለ ሰሞን ሰፈሩ በሙሉ ይደራጅ ተባለ። አልዋሽም፣ ፈርተን ነበር። ሾላ ገበያ ሽንኩርት የሚመርጠው ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ግንባር ነው። የሰፈሩ ኮሚቴ ዳገቱ ላይ ምሽግ መቆፈር ያለበት ማን እንደሆነ ሲጠይቅ ሁሉም ጣቱን ወደ እኛ ቀሰረ።

አዛዥ የሆኑት ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ ገረመው ናቸው። መጡና ከዚህ እስከዚያ ቆፍሩ፣ ጥልቀቱ እስከ ደረት ይሁን ብለው የታችኛውን መንገድ ኬላ ሊያዩ ወረዱ። ሌላ ያሉት ነገር የለም።

ቆፈርን። ካስማ ተክለን፣ ገመድ ወጥረን፣ በውሃ ልክ እየለካን ነው የቆፈርነው። ውሃው እንዳይሮጥ በየመሃሉ ሳይቆፈር የሚተወውን ግድግዳም አልረሳንም። ከአያት ኮንዶሚኒየም ለእርዳታ የመጡ የቢሮ ልጆች እጃቸው ውሃ ቋጥሮ እንኳ ሥራውን “ፐርፌክት ነው” አሉ። እኔም ደስ አለኝ።

ሃምሳ አለቃ ተመልሰው መጡና ምሽጉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። ገብተውም አጎነበሱ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

“ወይዘሮ አስካለ፣ ጠላት በየት በኩል ነው የሚመጣው?”

“ከላይ ነው አሉ፤ ከተራራው ጀርባ።”

“ታዲያ ይህን ሁሉ አፈር ከማን ልትከልሉን ነው የቆለላችሁት?”

ዞር ብዬ አየሁ። ክምሩ ያለው በእኛና በከተማው መካከል ነው። እዚያ የሚቀመጥ ተኳሽ ጀርባውን ለጠላት ሰጥቶ የሚያነጣጥረው ሾላ ገበያ ላይ ነው። ባልደረባዬ ፋንቱ ምናልባት የሽንኩርት ዋጋ ያስወርድልን ይሆናል አለ። ሃምሳ አለቃ አልሳቁም። በየመሃሉ የተውነውን ግድግዳ እያሳዩ ወታደሩ እንደ መሰናክል ሯጭ እየዘለለ ይዋጋ እንደሆነ ጠየቁን።

እውነታቸውን ነው። አፈሩን ወደ ላይኛው ጠርዝ መመለስ ጀመርን። ሁለተኛው ትእዛዝ ግን ከበደኝ። ከምሽጉ በላይ ያሉት ችግኞች እይታ ስለሚጋርዱ ነገ ጠዋት ይቆረጡ አሉ።

“ገና ደረቴ ጋ ያልደረሰ ወይራ ነው። እዚህ ጀርባ የሚደበቅ ጠላት ተንበርክኮ ነው የሚመጣው” አልኳቸው።

“ተንበርክኮም ይተኮሳል” አሉኝ።

አካፋና ዶማ የምናስቀምጥበት ዕቃ ቤት ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ።

ሌሊቱን ያለ ወቅቱ ዶፍ ወረደ። ጠዋት መጥረቢያ ይዘን ስንወጣ ምሽጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቷል፤ ግድግዳዎቹን ገና አላፈረስናቸውም ነበርና አንዲት ጠብታ አላመለጠችም። በዚያ ሰዓት መኩራት ባይገባኝም፣ ሥራችን አኮራኝ።

ሃምሳ አለቃ የሚቆረጡትን ችግኞች ኖራ ሊቀቡ ከላይ በኩል መጡ። ወደ ላይ የመለስነው አፈር ደግሞ አልተጠቀጠቀም። ጠርዙን ሲረግጡት ከነኖራ ጣሳቸው ተንሸራተው ምሽጉ ውስጥ ገቡ። ውሃው ደረታቸው ደረሰ። ለመውጣት በሞከሩ ቁጥር ጭቃው ይዟቸው ይወርዳል። በመጨረሻ ጠርዙ ላይ ያለችውን ወይራ በሁለት እጃቸው ጨመደዷት። ጎበጠች፣ ግን አልተነቀለችም። እኛም ደርሰን በቀበቷቸው ጎተትናቸው።

አንድ ጫማቸው እዚያው ቀርቷል። የአያት ልጆች ሳቃቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን አዙረዋል። ሃምሳ አለቃ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ወይራዋን ይዘው ቆዩ። ከዚያ መጥረቢያ የያዙትን አዩ።

“መጥረቢያውን መልሱት” አሉ።

ፋንቱ ይቺን ብቻ እንተዋት ወይ ብሎ ጠየቀ።

“ሁሉንም።”

ጦርነቱ እኛ ጋ ሳይደርስ ቀረ። ከዚያ ምሽግ አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ወይራዎቹ ዛሬ ከእኔ ይረዝማሉ።

አሁን ካቦ ለሆናችሁ የምለው ይህን ነው፦ ሰው ስታሠሩ የሚቆፈረውን ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሚቆፈር ንገሩት። ካልነገራችሁት እጁ የለመደውን ይሠራል።