ውሏ ያለቀው ስምንተኛ ክፍል እያለች ነው

እህቴ ዐረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት የሄደችበት ውል ያለቀው ገና ስምንተኛ ክፍል ሳለች ነው። እንዲህ ያለችው አሠሪዋ ናት።

ዛሬ ጠዋት እያለቀሰች ደወለች። የሳምንት እረፍቴን ስጡኝ ብትል ሴትዮዋ ውሉን አውጥታ፣ «ከ2017 እስከ 2019 ይላል። ካለፈ ስንት ዓመቱ! አሁን ያለ ውል ነው የምትሠሪው» አለቻት።

ከፍኖተ ሰላም አባቴን ይዤ ቡሬ ወዳለው ኤጀንሲ ሄድሁ። ደላላ ይቅርብን፣ ፈቃድ ያለው ይሻላል ብለን የመረጥነው ነው።

ውሉን የሞላው ሠራተኛ ወረቀቱን አየት አደረገና፣ «በእኛ አቆጣጠር ጽፌው ነው፤ ይገባቸዋል ብዬ» አለ።

አባቴ ገበያ ላይ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«እኔ ረመዳንን በአንድ፣ ገበያዬን በሌላ አቆጣጠር ቆጥሬ ስኖር አንድ ቀን አልተምታታብኝም። አንተ ልጄን ከምን ቆጠርሃት?»

ሰውየው ወረቀቱን አጥፎ መለሰልን። ቀኑ የሚታረመው እሷ ራሷ መጥታ ስትፈርም ነው አለን። ፓስፖርቷ በአሠሪዋ መሳቢያ ውስጥ እንደተቆለፈበት ነገርሁት።

«እሱማ ይከብዳል» አለ።

እናንተም በወረቀት ብቻ የተመለሰ ሰው ካላችሁ እስኪ ጻፉልኝ። የእኛዋ በወረቀት ከተመለሰች ዓመታት አልፈዋል፤ ቤት ግን ገና አልገባችም።