ነጯን ነበር ያልኩት

ለሚ ኩራ፣ ከምኖርበት ሕንፃ ሥር፣ ጠዋት ጠዋት ባጃጆች ተሰልፈው ሞተራቸውን ሲያሞቁ፣ ቤንዚንና ዘይት አብሮ የተቃጠለበት ሽታ በመስኮቴ ይገባል። ጎረቤቶቼ ጭሱ የሚያስለኝ እየመሰላቸው «መስኮቱን ዝጊው እንጂ» ይሉኛል፤ እኔን ግን ሽታው አንስቶ የሚወስደኝ ቦሌ፣ ከመድኃኔዓለም ጀርባ ወደነበረው ግቢያችን፣ አንድ ዓመት ያህል እዚያ ወደቆመችው ቀይ መኪና ነው። 

ያኔ አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው፣ ሰፈራችን ገና ኮረኮንች ነበር። አባዬ በአንድ መሥሪያ ቤት የግዥ ክፍል ኃላፊ ነበር፤ እማዬ ደግሞ ከአጥራችን ጋር ተያይዛ በተሠራች፣ በሯ ወደ መንገድ በሚከፈት አንዲት ክፍል ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ የሚኖሩት ፈረንጆች፣ መሐንዲሱና ሚስቱ፣ መልካቸው አንድ የሆነ፣ መሬት ለመሬት የሚሄዱ ሁለት የስፖርት መኪኖች ነበሯቸው፤ ቀይዋ የእሱ፣ ነጯ የእሷ። ሴትዮዋ በነጯ ስታልፍ ለእማዬ እጇን ታወዛውዝላት ነበር፣ እማዬም መቀሷን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ፣ መኪናዋ ታጥፋ እስክትጠፋ ድረስ በዓይኗ ትሸኛት ነበር።

አባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ከፈረንጁ ጋር ኮፈን ከፍቶ ሲያወራ ውሎ ይመጣና፣ እራት ላይ ቁጭ ብሎ የሰማውን ሁሉ ያስረዳን ነበር። የሁለቱም ሞተር እንደ ሌላው መኪና ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ፒስተን የለውም፣ ውስጡ የሚሽከረከር ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ነው ያለው፣ ለዚህ ነው ድምፁ የሚለየው፣ ዘይትም ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚያቃጥለው ይለን ነበር። ልዩነታቸው ቀይዋ ቱርቦ ያላት መሆኗ ነው፤ ቱርቦ ማለት በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚነፋ ነገር ነው። «ቱርቦ ያላት» ይል ነበር አባዬ፣ እንጀራውን በእጁ እንደያዘ፣ «መጀመሪያ ዝም ትልሽና ሳታስቢው ትወረውርሻለች። ለጀማሪ አትሆንም። ነጯ ግን የሰጠሻትን ያህል ነው የምትሰጥሽ።» እማዬ ይህን እየሰማች ትጎርስ ነበር።

ፋሲካ እንዳለፈ ፈረንጆቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሊሄዱ መሆኑ፣ መኪኖቹም ሊሸጡ መሆኑ ተሰማ። አባዬ ነጯን ለእማዬ ሊገዛላት ቃል ገባ። መንዳት ትማራለች፣ ጨርቋን ከመርካቶ ራሷ ጭና ታመጣለች፣ አትላስ አካባቢ ሰፋ ያለ ቤት ተከራይታ ትሠራለች። ችግሩ ግቢያችን ጠባብ ነበር፤ መኪና ሊገባበት የሚችለው የእማዬ የስፌት ክፍል ያለችበት ቦታ ብቻ ነበር። እማዬ አንድ ሌሊት አስባበት ጠዋት ተነሥታ «ትፍረስ» አለች። ግንቦት ላይ ግድግዳው ፈርሶ የብረት በር ተተከለ፣ የስፌት መኪናዋም መኝታ ቤት ጥግ ገባች፣ ደንበኞቿም ትንሽ ታገሡኝ ተባሉ።

ያ ክረምት የእኔና የእማዬ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እማዬ ሳሎን መሐል ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ መሪዋ የድስት ክዳን ነው፣ ማርሿ ሙቀጫ ውስጥ የቆመ ዘነዘና ነው፣ እግሯ ሥር የተደረደሩት ሦስት ነጠላ ጫማዎች ደግሞ ፍሪሲዮን፣ ፍሬንና ነዳጅ ናቸው። አባዬ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ካሳያት በኋላ ሰለቸውና አስተማሪነቱ ለእኔ ተላለፈ። «ዳገት መጣ!» ስላት ፍሪሲዮኗን ረግጣ ዘነዘናውን ትጎትታለች፣ «በግ ገባብሽ!» ስላት «ውይ በሞትኩት!» ብላ ፍሬኗን ትረግጥና ሁለታችንም እንባችን እስኪወርድ እንስቃለን። ቀስ በቀስ የግራ እግሯ ሳልነግራትም ጊዜውን ጠብቆ መርገጥ ለመደ። እማዬን እንደዚያ ስትስቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየኋትም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አባዬ እኔን አስከትሎ መኪኖቹን ሊሞክር ሄደ። ፈረንጁ ኮፈኑን ከፍቶ ጣቱን እያወዛወዘ ብዙ ነገር ሲያስጠነቅቀው፣ አባዬም «የስ፣ የስ» እያለ ሲነቀንቅ ትዝ ይለኛል፤ እንግሊዝኛው ለእኔ አይገባኝም ነበር። መጀመሪያ በነጯ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሄደን ተመለስን፤ ድምጿ እንደ እማዬ የስፌት መኪና የማያቋርጥ ነበር። ከዚያ በቀይዋ ሄድን። ትንሽ እንደተጓዝን የሆነ ነገር ከወንበሩ ጋር አጣበቀኝና አባዬ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን ሳቅ ሳቀ። ስንወርድ አንገቱን ወደ እኔ ዝቅ አድርጎ «ሂሩትዬ፣ የቷ ትሻላለች?» አለኝ።

«ነጯ» አልኩት። «የእማዬ ናት እኮ።»

ራሴን ደባበሰኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ብስኩት ገዛልኝ።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ጎረቤትና ዘመድ መኪናዋን ሊመርቅ ግቢያችን ሞላ። እማዬ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከዩኒፎርም የተረፈ ነጭ ጨርቅ በቀጭኑ ቆርጣ፣ መኪናዋ ላይ ልታስረው አደይ አበባ ጠምጥማ ትጠብቅ ነበር። ክላክስ ሲሰማ በሩን ራሷ ከፈተች። የገባችው ቀይዋ ናት።

«ነጯስ?» አለች እማዬ፣ አበባው እጇ ላይ እንዳለ።

«አዲስ አበባ እኮ ደጋ ናት ዘውዴ፣ አየሩ ስስ ነው፣ ያለ ቱርቦ ዳገት ላይ ታለቅሳለች» አለ አባዬ፣ እየሳቀ ከመኪናው ወርዶ እጁን ትከሻዬ ላይ እያሳረፈ። «ደግሞ የመረጠቻት ልጅሽ ናት። ሁለቱንም አሳይቻት፣ ቀይዋን ካልገዛህ ብላ ሙጭጭ አለችብኝ።»

እማዬ እሱን አላየችውም። እኔን ነው ያየችው። «እኔ ነጯን ነበር ያልኩት!» ብዬ ጮህኩ፣ እንግዶቹም ከት ብለው ሳቁ፤ «አይ ልጅ፣ አሁን ደግሞ ሐሳቧን ቀየረች» አለ አንዱ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት፣ ግን እማዬ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ቤት ገብታ ነበር። አደይ አበባው ማታ ቡፌው ላይ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ እንደ ቀልድ ነው የሆነው። አባዬ «ለጊዜው እኔ ልያዛት፣ ቱርቦ ለጀማሪ እንደማይሆን ራሴው ነግሬሽ የለም?» አላት። ክረምቱን ሙሉ ነጯን ያስመረጣትን ምክር ገልብጦ ከመንዳት ከለከላት። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ቁልፉ ከኪሱ ሳይወጣ አለፉ። ጥር ላይ ቀይዋ የጓደኞቹን ሙሽሮች ስታመላልስ፣ እማዬ በውይይት ታክሲ መርካቶ ሄዳ፣ የጨርቁን ጥቅል ጭኗ ላይ አድርጋ ትመለስ ነበር። ከእኔ ጋር መጫወትም ተወች። አትቆጣኝም፣ አትመታኝም፤ ብቻ ዘነዘናውንና ሙቀጫውን አቅርቤ «እንንዳ?» ስላት «ሥራ አለብኝ፣ ሂጂ ተጫወቺ» ትለኝ ነበር። አባቴ የእሷን መኪና ብቻ ሳይሆን የእኔንም እናት እንደወሰደብኝ የገባኝ ያኔ ነው።

የካቲት ላይ አባዬ ለመስክ ሥራ ወጥቶ፣ ቁልፉን ረስቶ ሄደ። እማዬ ቁልፉን አነሣችና «አቧራ ጠጥታለች፣ ቧንቧው ጋ ወስደን እንጠባት» አለችኝ። ገባች፣ አስነሣች፣ ፍሪሲዮኑን ረገጠች፣ አንደኛ ማርሽ አስገባች፣ ያቺ ወርዋሪ የተባለችው ቀይ መኪና እንደ ታዘዘ በግ ቀስ ብላ ቧንቧው ጋ ደርሳ ቆመች። እማዬ ሞተሩን አጥፍታ «ሂሩትዬ፣ አየሽኝ?» አለችኝ። በወራት ውስጥ በቁልምጫ ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

አጥበን ስንጨርስ ግን መኪናዋ አልነሣ አለች። እማዬ ቁልፉን በጠመዘዘች ቁጥር ግቢው በቤንዚን ሽታ ይሞላል፣ ሞተሩ ግን ይንተፋተፍና ይሞታል። ማታ አባዬ መጥቶ ሲሰማ ጮኸ።

«ይሄ ሞተር ሳይሞቅ ከጠፋ በቤንዚን ይታፈናል! ፈረንጁ ደጋግሞ ነው ያስጠነቀቀኝ! ለጀማሪ አይሆንም አላልኩሽም?»

«ለእኔስ ነግረኸኛል?» አለች እማዬ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

 በማግስቱ አንድ መካኒክ መጥቶ ካንዴላዎቹን ፈትቶ፣ አድርቆ መለሰና መኪናዋ ተነሣች፤ የተበላሸ ነገር አልነበረም። እማዬ ግን ዳግመኛ አልነካቻትም። በሚቀጥለው ክረምት ቀይዋ ጉልበቷ ደክሞ ተሸጠች፣ የፈረሰችው ክፍል ግን አልተሠራችም፤ እማዬ ዓይኗ እስኪደክም መኝታ ቤት ጥግ ሰፋች። ነጯን የገዛቻት አንዲት ሐኪም እንደሆነች ሰምተን ነበር፣ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ የመገናኛን ዳገት ስትወጣ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ። አንድም ቀን ስታለቅስ አልሰማኋትም።

አባዬ ካረፈ ቆይቷል። ዛሬ እሑድ እሑድ እማዬን ከቦሌ ወስጄ፣ እኔ ጋ አውዬ በራሴ መኪና እመልሳታለሁ። ያኔ ኮረኮንች የነበረው መንገድ አስፋልት ሆኗል፣ መሪ የጨበጡ ሴቶች ግራና ቀኛችንን ሞልተውታል፣ ማንም ዘወር ብሎ አያያቸውም። ባለፈው ሳምንት መብራት ይዞን ቆመን ሳለ፣ ፊት ለፊታችን አንዲት ነጭ መኪና አየሁና የቆየው ነገር ከአፌ ወጣ።

«እማዬ፣ ያኔ ነጯን ነበር ያልኩት። አባዬ ነው የዋሸው።»

ፊቷን ወደ መንገዱ እንዳደረገች እጄን ደባበሰችኝ። «አባትሽ ብዙ ነገር ነበረበት፣ ውሸት ግን አልነበረበትም፣ ነፍሱን ይማረው» አለች። «እኔ ይቅር ካልኩሽ ቆየሁ እኮ ልጄ። ልጅ ነበርሽ፣ ቀይ ነገር ያምርሻል።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። የእኔ መኪና ማርሹን ራሷ ነው የምትቀይረው፣ ፍሪሲዮን የላትም። ገና መንቀሳቀስ ስንጀምር ግን ከጎኔ የእማዬ የግራ እግር ወለሉን ረገጠ፣ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ለቀቀ።